ጎርፉ የሚነሳው ከግቢያችን ነው

ክረምት ሊገባ ሲል ለአንድ ሰፈር ነዋሪዎችና ለኮንዶሚኒየም ኮሚቴ አባላት ከተደረገ ንግግር ለንባብ ተስተካክሎ የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ግድግዳውን ተጠጉ፤ ብዙም አላቆማችሁም።

የጎርፍ ነገር ሲነሳ ሁላችንም ጣታችንን የምንቀስረው ቱቦው ላይ ነው። «ቱቦው ጠባብ ነው»፣ «ቱቦው ተደፍኗል»፣ «ሰፋ ያለ ይቀበርልን»። ሐሰት አይደለም። እኔም እንጀራዬን የምበላው ቱቦ እየነደፍኩ ነው። ዛሬ ግን የማወራችሁ ውሃው ቱቦ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ስላሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ውሃው ያለው ጣሪያችን ላይ፣ ግቢያችን ውስጥና ደጃፋችን ላይ ነው። እዚያ ካላዘገየነው ታች ወርዶ የሚያስቆመው የለም።

የከተማችንን የአዲስ አበባን አቀማመጥ ታውቁታላችሁ። በሰሜን እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ቆሟል። በደቡብ አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ዝቅ ይላል። እላይ ያረፈ ዝናብ ቀበናን ወይ ግንፍሌን ወይ ቀጨኔን ይዞ ቁልቁል ይንደረደራል። መዳረሻው አቃቂ ወንዝ ነው፤ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያ አዋሽ። በዓመት የምናገኘው ዝናብ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክፋቱ አመጣጡ ላይ ነው። ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ያውም ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ከሥራ ሊወጣ ሲል፣ በአንድ ዶፍ። ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. የጣለው ዝናብ እዚሁ ከተማችን ውስጥ የ7 ሰዎች ሕይወት አጥፍቷል።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አትፍሩ፣ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው።

አንድ 200 ካሬ ግቢ ውሰዱ። 120 ካሬው ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። የቀረው 80 ካሬ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ለብሷል። አፈር ያለው በር ላይ ባለችው የቀለም ባልዲ ውስጥ ነው፤ ጤና አዳም ተተክሎባታል። በዚህ ግቢ ላይ በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይውረድ። እንዲህ ያለ ዶፍ ለክረምታችን ብርቅ አይደለም። በአንድ ካሬ ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ ከዚህች አንድ ግቢ 6,000 ሊትር ውሃ ይወጣል ማለት ነው። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሦስት። በአንድ ሰዓት።

እንዲህ ያሉ 500 ግቢዎች በአንድ ቱቦ ይጠቀማሉ እንበል። 3 ሚሊዮን ሊትር። በሰከንድ ሲመታ ወደ 830 ሊትር ይሆናል፤ አስፋልቱን ገና አልቆጠርንም። አሁን ቱቦውን እንየው። ውስጡ 60 ሴንቲ የሆነ የኮንክሪት ቱቦ፣ በ100 ሜትር አንድ ሜትር እየወረደ ቢቀበር፣ ንጹሕ ሆኖ የሚያሳልፈው በሰከንድ 600 ሊትር አካባቢ ነው። ግማሹን ደለል ከያዘው 300። የቀረው የት ይሄዳል? በማንሆሉ ተመልሶ ይወጣል። ክዳኑን አንስቶ መንገዱ ላይ ሲፈላ አይታችሁታል። ያ ውሃ እኮ ከቱቦው የመነጨ አይደለም፤ ቦታ አጥቶ የተመለሰ ነው።

«ታዲያ 80 ሴንቲ ቅበሩ!» ትሉኛላችሁ። ይቻላል። 80 ሴንቲው እጥፍ ያሳልፋል፤ እናንተም ትድናላችሁ። ከታች ያለው ሰፈርስ? እናንተ ጋ በአንድ ሰዓት ይደርስ የነበረው ውሃ አሁን እነሱ ጋ በግማሽ ሰዓት ይደርሳል። እነሱም 80 ይጠይቃሉ። ከእነሱ በታች ያሉት አንድ ሜትር። ወንዙ ዳር የሚኖረው ሰው ደግሞ የሚጠይቀው ቱቦ የለም። ወንዙ ራሱ ነው ቤቱ የሚገባው። ደሃው ደግሞ የትኛው ላይ እንደሚኖር ለእናንተ አልነግራችሁም።

ይህን አዳራሽ ተመልከቱ። ስንጨርስ አንድ በአንድ ብትወጡ ይህች በር ትበቃለች። «እሳት!» ብዬ ብጮህስ? ሰዉ ያው ነው፣ በሩም ያው ነው። የተለወጠው ሁላችሁም በአንድ ጊዜ መነሳታችሁ ነው። ጎርፍም እንዲሁ ነው። እኔ ስለ ውሃው ብዛት አልጨነቅም። የሚያስጨንቀኝ ጥድፊያው ነው።

በዚህ ላይ ከተሞች ዘግይተው ነው የነቁት፤ ሀብታሞቹም ጭምር። ኮፐንሃገን የመሬት ውስጥ መስመሯ የተሟላ ከተማ ናት። በ2011 እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ እስከ 150 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደባት። የእኛ የሐምሌ ወር ግማሽ በአንድ ምሽት ማለት ነው። ምድር ቤቱ፣ ጎዳናው፣ አውራ መንገዱ ሁሉ ውሃ ሆነ። ኪሳራው ወደ 6 ቢሊዮን የዴንማርክ ክሮነር ተገመተ። በማግስቱ ሁሉም ሰው ያለው እኛ የምንለውን ነው፦ ትልቅ ቱቦ። ሲሰላ ግን ለእንዲህ ያለ ዝናብ የሚበቃ ቱቦ ብቻውን ከተማዋን ቆፍሮ አያልቅም። በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጡት ዕቅድ በ20 ዓመት የሚሠሩ ወደ 300 የሚጠጉ ሥራዎችን ይዟል። ቱቦም አለበት። ብዙው ግን ውሃን ከመሬት በላይ የሚያስተናግድ ነው፤ ዝቅ ያለ መናፈሻ፣ ውሃ የሚይዝ አደባባይ፣ ጎርፍ ሲመጣ ቦይ የሚሆን መንገድ። ኤንግሄቨፓርከን የሚባለውን አሮጌ መናፈሻቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዙሪያውን በአጭር ግንብ አጥረው፣ ወደ 22,600 ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ አደረጉት። ቅድም ያሰላነውን የ500 ግቢ ውሃ ሰባት ጊዜ ማለት ነው። በደረቁ ቀን ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።

ለእኛ ይበልጥ የምትቀርበኝ ግን ማልሞ ውስጥ ያለችው አውጉስተንቦርይ ናት። ስዊድን ናት፣ ከኮፐንሃገን ባሕሩን ተሻግሮ። ተራ የኪራይ ቤቶች ሰፈር ናት፤ የቅንጦት አይደለችም። ቱቦዋ ስላልቻለ ውሃ በየጊዜው ምድር ቤት ይገባባቸው ነበር። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በየብሎኩ መካከል 6 ኪሎ ሜትር ያህል ክፍት ቦይ፣ 10 ኩሬ፣ ሣር የለበሰ ጣሪያ ሠሩ። በ2014 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ማብቂያ ላይ ማልሞን 100 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ሲደበድባት ሌሎች ሰፈሮች ክፉኛ ሲጎዱ እሷ ብዙ ሳትጎዳ አለፈች። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች፣ ይህችን ያዙልኝ። እናንተም ብሎክ አላችሁ፣ በብሎክ መካከል ክፍት ቦታ አላችሁ። ለመኪና ማቆሚያ ካልሸጣችሁት።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የአውሮፓውን ቀድቶ ማምጣት አያዋጣም። አንዱ ምክንያት አፈራችን ነው። የውጭ መጽሐፍ «ውሃውን ወደ መሬት አስርጉት» ይላል። ቦሌን፣ ቃሊቲን፣ አቃቂን የሚያውቅ ሰው ጥቁሩን አፈር ያውቀዋል። በበጋ ጫማ እስኪውጥ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። የአጥር ግንብ ያዘመመበት፣ በር አልዘጋ ያለው ሰው እዚህ ውስጥ አይጠፋም። እንዲህ ባለ አፈር ላይ ከመሠረት አጠገብ ውሃ ማስረግ ቤትን መግፋት ነው። ስለዚህ ለእኛ ዋናው ሥራ ማስረግ ሳይሆን ይዞ ማቆየትና በቀስታ መልቀቅ ነው። ሰሜን በኩል፣ ቀይ አፈር ላይ ያላችሁ ትንሽ ትሻላላችሁ። ለማወቅ መሐንዲስ አያስፈልግም። ከቤቱ ራቅ አድርጋችሁ ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ውሃ ሙሉ፣ አሳድሩት። በማግስቱ ውሃው እዚያው ካለ የማስረግ ነገር ይቅርባችሁ።

እሺ፣ ይዞ ማቆየት እንዴት ነው? «እኛ ቤት ሮቶ አለ» የምትሉ አላችሁ። ጥሩ። ግን ሞልቶ የቆመ ሮቶ ለጎርፍ ምንም አይሠራም። በነሐሴ የማንም ሮቶ ሞልቶ ነው የሚያድረው። የሚሠራው ባዶ ቦታው ነው። ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ቢኖራችሁ የታችኛውን 2,000 ሊትር ለልብስ፣ ለመኪና፣ ለሽንት ቤት አስቀምጡት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ራሱ ወጪውን ይመልሳል። ከዚያ በላይ ባለው ከፍታ ላይ የ12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አውጡና በጎማ ወደ ቦዩ ስደዱት። ዶፉ ሲመጣ ጣሪያው የላከው ውሃ የላዩን 3,000 ሊትር ይሞላል። ቀዳዳው ደግሞ በሰከንድ ሲሶ ሊትር እንኳ የማይሞላ እየለቀቀ በአምስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ያጎድለዋል። በማግስቱ ከሰዓት ለሚመጣው ዶፍ ቦታው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። መብራት አይፈልግ፣ ሠራተኛ አይፈልግ።

ለግቢው ደግሞ ከ80 ካሬው 40ውን ሲሚንቶ አትልበሱት። 30 ሴንቲ ቆፍራችሁ ንጹሕ ጠጠር ሙሉበት፤ ድቡልቡሉን ወይም የተፈጨውን፣ ዱቄት የሌለውን። ገረጋንቲ አይደለም፣ ገረጋንቲ ይጠቀጠቃል። ከጠጠሩ መጠን ሲሶ የሚጠጋው ክፍተት ነው፤ 3,600 ሊትር ያህል ይይዛል። ከግቢው የሚመጣው 2,400 ነው። ጥቁር አፈር ላይ ከሆናችሁ ከሥሩ ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፉና ውሃውን በቀጭን ቱቦ አውጡት። ላዩ ላይ ኮብልስቶን ከፈለጋችሁ ክፍተቱን በደቃቅ ጠጠር ሙሉት። በሲሚንቶ ከሞላችሁት ያው ኮንክሪት ሆነ፤ ድንጋዩ ጌጥ ብቻ ነው።

ይህን ከ500ው ግቢ ግማሹ ብቻ ቢያደርገው ወደዚያ ባለ 60 ሴንቲ ቱቦ የሚደርሰው ውሃ ከ830 ሊትር ወደ 500 ይወርዳል። ቱቦው ይችለዋል። ማንም አስፋልት አልቆፈረም። ወጪው ለአንድ ሰው ቀላል ነው አልልም፤ ትልቅ ሮቶ ዛሬ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ። ለዚህ ነው ለኮሚቴዎች ደጋግሜ የምናገረው። በብሎክ ሲሆን ይከፋፈላል።

አንድ የሚያበግነኝን ነገር ልናገር። አዳዲሶቹን የመንገድ ዳር ሣሮችና አበቦች አይታችኋል። ያምራሉ፣ አልክድም። ግን ብዙዎቹ ከአስፋልቱ ከፍ ብለው በከርብ፣ በመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ፣ ታጥረዋል። በክረምት ከጎናቸው ወንዝ የሚያህል ውሃ ያልፋል፤ አንድ ጠብታ አይገባቸውም። በበጋ ደግሞ ቦቴ መጥቶ ያጠጣቸዋል። መደቡ ከመንገዱ በ15 ሴንቲ ዝቅ ቢል፣ ከርቡም በየተወሰነ ርቀት አንድ ክፍት ቢተውለት፣ ያው ሣር ውሃ ያቆያል፣ ቆሻሻና ዘይት ያጣራል፣ ራሱንም ያጠጣል። ሊሠራ ላለ መንገድ ይህ ለውጥ ተጨማሪ ብር የሚጠይቅ አይመስለኝም። የሚጠይቀው ሥዕሉን የሚሥለው ሰው እንዲያስብበት ነው።

አሁን ወደማይወራው እንሂድ። ክረምት ሲገባ፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ አንዳንድ ግቢ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። ፈገግታችሁ ነገረኝ። ሽንት ቤት ወደ ጎርፍ መውረጃው ይለቀቃል። «ጎርፉ ይወስደዋል» ነው ነገሩ። ይወስደዋል፣ አቃቂ ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ ወደሚያጠጣው ገበሬ። ሰላጣው ተመልሶ የት እንደሚመጣ ልንገራችሁ? ይህ እስካልቆመ ድረስ ስለ ክፍት ቦይና ስለ ኩሬ ማውራት ዋጋ የለውም። ልጆች የሚጫወቱበት ኩሬ ውስጥ የዝናብ ውሃ ብቻ ነው መግባት ያለበት። በአውጉስተንቦርይ የሆነው የዝናቡንና የሽንት ቤቱን ውሃ ስለለያዩ ነው። ከሁሉ በፊት ይህን እናስተካክል።

ሁለተኛው ደለሉ ነው። ግንቦት ላይ ቱቦው ይጠረጋል። ወጣቶቹ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው በአካፋ ያወጡታል። ጥቁር ጭቃ፣ ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ አንዳንዴ ፍራሽ። ያወጡት እዚያው ማንሆሉ ዳር ይከመራል። የሚጭነው መኪና ነገ ይመጣል ይባላል። ነገ ሳይመጣ ዝናቡ ይመጣል። ከዚያ ያ ሁሉ ጭቃ በወጣበት ቀዳዳ ተመልሶ ይገባል። ኮሚቴ ከሆናችሁ «ተጠርጓል?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ተጭኗል?» በሉ።

ሁሉንም ጎርፍ በሮቶና በጠጠር እንመልሳለን ብዬ አልዋሽም። በ2021 እ.ኤ.አ. ጁላይ ዠንግዦው የምትባለው የቻይና ከተማ ላይ በአንድ ሰዓት 201.9 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ። ውሃ የሚይዝ ከተማ እንገነባለን ብለው ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱ ሰዎች ናቸው። ባቡር ውስጥ ውሃ ገብቶ ሰው ሞተ። ለእንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያና ሰውን ቶሎ ማውጣት እንጂ መናፈሻ አያድንም። የድሬዳዋም ነገር ሌላ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሲያልቅ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ዝናቡ የበረታው ከከተማዋ በላይ ባሉት ተራሮች ላይ ነበር። ከተማዋ ውስጥ ያለ ግቢ ሁሉ ጠጠር ቢለብስ ያንን አይመልሰውም። እዚያ ያለው መድኃኒት ተራራው ላይ እርከንና ክትር፣ ከወንዙ አሸዋማ ሆድ ውስጥ ቤት አለመሥራት፣ በሌሊት የሚደርስ ማስጠንቀቂያ ነው። እኔ ዛሬ የማወራው ስለዚያ በየዓመቱ ስለሚመላለሰው ጎርፍ ነው፤ ሱቃችሁ ስለሚገባው፣ ሚኒባስ መንገድ ላይ ስለሚያስቆመው።

ወደ ጥያቄ እንግባ።

አባባ ቅድም እጃቸውን አንስተው ነበር። «ውሃ ግቢዬ ካቆየሁ ትንኝ አላፈራም ወይ?» ነው ያሉት። ጥሩ ጥያቄ ነው አባባ። ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ እስክትበር ሳምንት ያህል ይፈጅባታል፤ እንደኛ ባለ ብርድ አገር ከዚያም ይበልጣል። እኔ ያልኩት ውሃ በአንድ ቀን ውስጥ ይሄዳል። ከሁለት ቀን በላይ የቆመ ውሃ ካዩ አንድ ነገር ተደፍኗል ማለት ነው፤ ያስጠርጉት። የሮቶውን አፍና ቀዳዳውን ደግሞ በወንፊት ይሸፍኑት። ይልቅ ጣሪያ ላይ የተወረወረ አሮጌ ጎማ ካለዎት እሱን ያስወርዱት።

አንዷ እህቴ ደግሞ የብሎካችን ኮሚቴ በሚቀጥለው ሳምንት ግቢውን ኮንክሪት ሊያስሞላ ነው፣ ብሩም ተሰብስቧል፣ ምን ላድርግ ብላለች። ኮንክሪቱን አታስቀሪው፣ ትጣያለሽ። ጭቃ የሰለቸው ሰው ብዙ ነው፤ እውነቱንም ነው። ሦስት ነገር ብቻ አስለውጪ። ተዳፋቱ ወደ ውጭው በር ሳይሆን ወደ ግቢው ዝቅተኛ ጥግ ይሁን። ያ ጥግ፣ ከሕንፃው በደንብ የራቀ ከሆነ፣ ሳይሞላ ይተውና ከኮንክሪቱ በ15 ሴንቲ ዝቅ ብሎ ሣር ይተከልበት። ከሣሩ አሥር ሴንቲ ከፍ ብሎ ወደ ቦዩ የሚወስድ ትርፍ መውጫ ይቀበር፤ ከዚያ በላይ የመጣ ውሃ ወደ ሰው ቤት እንዳይዞር። አፈሩ ጥቁር ከሆነ ከሥሩም ጠጠርና ቀጭን መውጫ ይግባበት። የሣሩን ስፋት በካሬ ውሉ ላይ አስጽፊው። ኮንትራክተሩ በመጨረሻው ቀን «ትንሽ ሲሚንቶ ተርፎናል፣ ይችንም እንሙላላችሁ?» ማለቱ አይቀርም።